መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋናው አሰልጣኝ ነው

ዳላስ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ የፉትቦል ወዳጆች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን፣ ያውም በዚህ ትራፊክ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው፤ በተለይ ስለ ኮሌጁ። እዚህ ዳላስ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ጨዋታ የሩቅ ነገር አይደለም። ልጆቻችን አርብ ማታ ወይ ይጫወታሉ፣ ወይ ጓደኞቻቸውን ሊደግፉ ይሄዳሉ። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ደግሞ የኦክላሆማና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች እዚሁ ፌር ፓርክ፣ ኮተን ቦውል ስታዲየም ይገናኛሉ። ስታዲየሙ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ደማቅ ቀይ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል።

የመረጥኩት ርዕስ ጠበብ ያለ ነው። ቡድን ሲዳከምና ነጥብ ማስቆጠር ሲያቅተው ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተሩ ይባረራል። በምትኩ ሌላ ይመጣል። ያ አዲስ ሰው እንዴት መመረጥ አለበት?

ጨዋታውን በቅርቡ ማየት ለጀመራችሁ አንድ ነገር ላብራራ። በፉትቦል የሚያጠቃውና የሚከላከለው ክፍል የተለያዩ ቡድኖች ናቸው ማለት ይቻላል። የየራሳቸው ተጫዋቾችና አሰልጣኞች አሏቸው። የማጥቃቱን ክፍል የሚመራው ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተር ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ እቅድ ሲያወጣ ይከርማል። የጨዋታው ቀን ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን አጨዋወት የሚመርጠው እሱ ነው። ይሮጥ ወይስ ይወርወር? ለማን ይወርወር? ይህን ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወስናል። ቡድኑ ሲያቅተው ሰዉ ጣቱን የሚቀስረው እሱ ላይ መሆኑም ከዚህ የመጣ ነው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ምርጫው ከእጩዎች ዝርዝር መጀመር የለበትም። ከዋናው አሰልጣኝ መጀመር አለበት። ዋናው አሰልጣኝ ምን ለመልቀቅ ተዘጋጅቷል? ሜዳ ላይ የሚሰለፉትስ እነማን ናቸው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚቀጠር ሰው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይቸገራል።

ለዚህ ከኦክላሆማ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥያቄ በተለያየ ጊዜ የተለያየ መልስ ሰጥቷል። ሰዎቹም እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ኦክላሆማ እስከ 1985 ድረስ 6 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው። ከ1996 እስከ 1998 ግን ወርዶ ወርዶ መሬት ነካ። በ3 ዓመት 12 ጨዋታ አሸንፎ በ22 ተሸነፈ። በ1998 መጨረሻ ቦብ ስቱፕስን ቀጠሩ። ስቱፕስ ገና 38 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመከላከሉን ክፍል ይመራ ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ስቱፕስ የመከላከል ሰው ነው። ኦክላሆማ ደግሞ በሩጫ ያደገ፣ በሩጫ ዋንጫ የበላ ቤት ነው። ለዋና አሰልጣኙ ቀላሉ መንገድ ሰዉ የለመደውን አጨዋወት የሚያውቅ አንድ አዛውንት አሰልጣኝ መጥራት ነበር። ስቱፕስ እንደዚያ አላደረገም። ፍሎሪዳ እያለ ከኬንታኪ ጋር ይጋጠም ነበር። ኬንታኪ በተጫዋች አቅም ከፍሎሪዳ ጋር አይገናኝም። ግን ኳሱን ያለማቋረጥ እየወረወረ ሜዳውን ሁሉ ይዘረጋው ነበር። ለዚያ አጨዋወት መዘጋጀት ለስቱፕስ ራስ ምታት ነበር። ስለዚህ የኬንታኪን ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተር ማይክ ሊችን አመጣው።

ሊች ኮሌጅ ሆኖ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። የተማረው ሕግ ነው። ያሰበውን በግልጽ የሚናገር፣ ከማንም የማይመሳሰል ሰው ነበር። በ2022 ዲሴምበር ሲሞት መላው የፉትቦል ዓለም አዝኗል። ኦክላሆማ እንደደረሰ የሚፈልገውን ዓይነት ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የሚወረውር ልጅ፣ አጣ። ዩታ ውስጥ ካለ ስኖው የሚባል የ2 ዓመት ኮሌጅ ጆሽ ሃይፐልን ይዞ መጣ። ሃይፐል ግራኝ ነው። ክንዱ የሚያስደንቅ አልነበረም። ግን ቶሎ ያያል፣ ቶሎ ይወስናል። የሊች አጨዋወት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

በ1999 እዚሁ ኮተን ቦውል ሊች ያደረገውን ልንገራችሁ። አሰልጣኞች የመጀመሪያዎቹን አጨዋወቶች ቀድመው በወረቀት ይጽፋሉ። ሊች የሐሰት ወረቀት አዘጋጀ። ከጨዋታው በፊት፣ ሰዉ ሲያሟሙቅ፣ ወረቀቱ ሜዳ ላይ ሳይታሰብ የወደቀ መስሎ እንዲቀር አደረገ። የቴክሳስ ሰዎች አገኙት፣ አመኑትም። ጨዋታው ሲጀመር የቴክሳስ ተከላካዮች ወረቀቱ ወደሚያመለክተው አቅጣጫ ሲሮጡ ኳሱ በተቃራኒው ይሄዳል። ኦክላሆማ በአጭር ጊዜ 17 ለ 0 መራ። በመጨረሻ ግን ቴክሳስ 38 ለ 28 አሸነፈ።

ይህን ጨዋታ የምወደው ሁለቱንም እውነት ስለሚያሳይ ነው። የአሰልጣኝ ብልሃት ቡድንን ለተወሰነ ደቂቃ ከአቅሙ በላይ ያወጣዋል። ቀሪውን ደቂቃ የሚጨርሱት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው። ደግሞም አስቡት፤ አዲሱ ዋና አሰልጣኝ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በትልቁ ጨዋታ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያደርግ ሰው አልከለከለም። ነጻነት ሰጥቶታል። ብዙዎቹ ዋና አሰልጣኞች «ነጻነት አለህ» ይላሉ። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ግን ከጆሮው አይወርዱም።

ሊች ከ1 ዓመት በኋላ የራሱን ቡድን ይዞ ቴክሳስ ቴክ ሄደ። ስቱፕስ አጨዋወቱን አልጣለውም። ከውስጥ ማርክ ማንጂኖን አሳድጎ በዚያው ቀጠለ። በ2000 ኦክላሆማ 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። በመጨረሻው ጨዋታ ፍሎሪዳ ስቴትን 13 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ኳርተርባኩ ሃይፐል ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሃይፐል አሰልጣኝ ሆነ። በ2011 እዚያው ኦክላሆማ የማጥቃቱን ክፍል ያዘ። ዋንጫ ያመጣ የቤት ልጅ ነው፤ ማን ይጠላዋል? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው አባባል ኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ ብዙ ሰው ያስቀጥራል። ሃይፐል ደግሞ ሰይጣን አልነበረም፣ ጥሩ አሰልጣኝ ነው። ግን በ2014 ቡድኑ ተንገዳገደ። የዓመቱን መጨረሻ ጨዋታ በክሌምሰን 40 ለ 6 ተሸነፉ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ስቱፕስ ሃይፐልን አሰናበተው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንድ ሰው የሕይወቱን ትልቁን ዋንጫ ያመጣለትን ልጅ ማሰናበት ምን ያህል ይከብዳል! ስቱፕስ ይህን ዋጋ የከፈለው ለውጥ ስለፈለገ ነው። ዋና አሰልጣኝ ምን ለመልቀቅ ተዘጋጅቷል ስል ይህን ማለቴ ነው።

በምትኩ የመጣው ሊንከን ራይሊ ነው። 31 ዓመቱ። ኢስት ካሮላይና ከሚባል ብዙ ካሜራ ከማይዞርበት ዩኒቨርሲቲ። ያደገው ግን ቴክሳስ ቴክ ውስጥ በሊች እጅ ነው። ስቱፕስ በ1999 የዘራውን ዘር ከሌላ ማሳ ሄዶ ለቀመ።

ራይሊ ሲመጣ ነባሩ ኳርተርባክ ትሬቨር ናይት አለ። ናይት ከ1 ዓመት በፊት አላባማን ሹገር ቦውል በሚባለው የዓመት መዝጊያ ጨዋታ ያሸነፈ ልጅ ነው። አጠገቡ ደግሞ ከቴክሳስ ቴክ ያለ ስኮላርሺፕ የመጣ ቤከር ሜይፊልድ ተቀምጧል። በዝውውር ደንቡ ምክንያት 2014ን ሙሉ መጫወት አልተፈቀደለትም ነበር። ራይሊ ቦታውን ለውድድር ክፍት አደረገ። ሜይፊልድ አሸነፈ። ፍትሐዊ እንሁንና ሃይፐል ይህን ልጅ ልምምድ ላይ እንጂ ጨዋታ ላይ ማሰለፍ አይችልም ነበር። የራይሊ ዕድል ነው። ዕድሉን ያየው ግን ራሱ ነው።

ሌላም አለ። ራይሊ የመጣው ኳስ በመወርወር ስሙ ተጠርቶ ነው። ቤት ውስጥ ያገኘው ደግሞ ሳማጄ ፔራይን የሚባል፣ በ2014 በአንድ ጨዋታ 427 ያርድ የሮጠ ጉልበተኛ ነው። ኦክቶበር ላይ በቴክሳስ 24 ለ 17 ሲሸነፉ ሜይፊልድ እየተደጋገመ መሬት ላይ ተጣለ። ከዚያ በኋላ ራይሊ ሩጫውን አበዛ። ያንን ዓመት 11 አሸንፈው ከአራቱ የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ሆኑ። የራሱን አጨዋወት ባለው ተጫዋች ልክ መስፋት የሚችል ሰው ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ አይዋ ልውሰዳችሁ። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ስቱፕስ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ኦክላሆማ ሲቀጥረው በዚያው ሰሞን አይዋም ዋና አሰልጣኝ እየፈለገ ነበር። አይዋ ከርክ ፈረንዝን ወሰደ። ፈረንዝ ከ1999 ጀምሮ እዚያው ነው።

አይዋ ደካማ ቡድን አይደለም። ተከላካዩ አስፈሪ ነው። ማጥቃቱ ግን የሚያሳዝን ነበር። በ2022 መክፈቻ ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 7 ለ 3 አሸነፉ። 7ቱ ነጥብ እንዴት እንደመጣ ስሙ። 3ቱ በእግር ምት ነው። የቀረው 4 ነጥብ ተከላካዮቹ ባስገኙት ሁለት ሴፍቲ ነው፤ ሴፍቲ ማለት ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ በራሱ የመጨረሻ ክልል መጣል ነው፣ 2 ነጥብ ያስገኛል። አንድም ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን የተጋጣሚ የመጨረሻ ክልል አድርሶ 6 ነጥብ ማግኘት፣ የለም።

የማጥቃቱን ክፍል የሚመራው የዋና አሰልጣኙ ልጅ ብራያን ፈረንዝ ነበር። ለ2023 ዩኒቨርሲቲው ውሉን ቀየረው። ደመወዙ ከ900 ሺህ ወደ 850 ሺህ ዶላር ወረደ። ቡድኑ በአማካይ በጨዋታ 25 ነጥብ ማስቆጠርና 7 ጨዋታ ማሸነፍ አለበት ተባለ። ተከላካዮቹ የሚያስቆጥሩትም ይቆጠርለት ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሰዉ የሚያሰላው ያንን 25 ሆነ። በእውነቱ ይህ ውል በጣም ያሳዝነኛል። አንድን አሰልጣኝ በአደባባይ በቁጥር አስሮ ማስሮጥ ነው። ችግሩ የአንድ ሰው እንደሆነ ያስመስላል። ነገር ግን አይዋ ቀስ ብሎ፣ ሳይሳሳት፣ በተከላካዩና በእግር ምቱ የሚያሸንፍ ቡድን እንዲሆን የመረጠው ዋናው አሰልጣኝ ነው። ልጁ የአባቱን ቡድን ነው ሲመራ የነበረው።

ኦክቶበር 2023 መጨረሻ ላይ ብራያን ከውድድር ዘመኑ በኋላ እንደማይቀጥል ተነገረ። አይዋ ያንን ዓመት በአማካይ 15 ነጥብ ገደማ እያስቆጠረ፣ በያርድ ከአገሪቱ መጨረሻ ሆኖ፣ 10 ጨዋታ አሸነፈ! ዓመቱን ሙሉ ኳሱን በእግር እያራቀ ያዳናቸው አውስትራሊያዊው ቶሪ ቴይለር ነበር። የመጨረሻ ሁለት ጨዋታቸውን ግን 26 ለ 0 እና 35 ለ 0 ተሸነፉ።

በ2024 የመጣው ቲም ሌስተር ነው። ቀደም ሲል የዌስተርን ሚሺጋን ዋና አሰልጣኝ ነበር። ከዚያ ከፕሮፌሽናሉ ቡድን ከግሪን ቤይ ፓከርስ ጋር 1 ዓመት ሠርቷል። አይዋን ወደ ሊች ዓይነት ወርዋሪ ቡድን ሊለውጥ አልሞከረም። ሩጫቸውን ይዞ፣ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ተጫዋቾችን እያንቀሳቀሰ ተከላካዩን ማደናገር ጀመረ። ከዓመቱ በፊትም እዚያው የነበረው ኬሌብ ጆንሰን 1,537 ያርድ ሮጦ 21 ታችዳውን አስቆጠረ። ቡድኑም በአማካይ ከ27 ነጥብ በላይ አገኘ። ውርወራው ያው ደካማ ነበር። ቢሆንም ፈረንዝ በስተርጅና ትንሽ በር ከፈተ፤ ሌስተርም በተከፈተው በር ልክ ገባ።

ሁሌም የሚጠቀሰውን የኤልኤስዩን፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን፣ ታሪክ ቶሎ ልለፈው። በ2019 ጆ ብሬዲ የሚባል የ29 ዓመት ወጣት ከኒው ኦርሊንስ ሴንትስ መጥቶ ውርወራውን አደሰው። ኤልኤስዩ 15 ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ኳርተርባኩ ጆ ቡሮ 60 ታችዳውን ወረወረ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የራሱን ጆ ብሬዲ ፍለጋ ወጣ። ቡሮን፣ ኳሱን የሚቀበሉለትን ጃማር ቼዝንና ጀስቲን ጀፈርሰንን ከየት እንደሚያመጡ ግን አላሰቡም። ብሬዲም ቡሮም በሄዱ በዓመቱ ራሱ ኤልኤስዩ 5 አሸንፎ በ5 ተሸነፈ።

ወደ ኦክላሆማ እንመለስ፤ አሁን የምነግራችሁ የሚያንገበግበኝን ነው። በ2024 ዋና አሰልጣኙ ብሬንት ቬነብልስ ነው። እሱም እንደ ስቱፕስ የመከላከል ሰው ነው። ቡድኑ በዚያ ዓመት ኤስኢሲ የሚባለውን ከባዱን ሊግ ተቀላቀለ። የማጥቃቱን ክፍል ለሴዝ ሊትሬል ሰጡት። ሊትሬል በ2000 ዋንጫ ባነሳው ቡድን የተጫወተ ነው። ደግሞ የቤት ልጅ!

አሁን እስቲ የተረከበውን እንይ። ከዓመት በፊት የነበሩት የፊት መስመሩ 5 ቋሚ ተሰላፊዎች፣ ኳርተርባኩን ከፊት ሆነው የሚጠብቁት፣ በሙሉ ሄደዋል። ኳርተርባኩ ዲሎን ጋብርኤል ወደ ኦሬገን ሄዷል። 5 ዋና ዋና ሪሲቨሮች፣ ኳስ ተቀባዮቹ፣ ደግሞ በጉዳት ከሜዳ ራቁ። ሴፕቴምበር ላይ ቴነሲ ወደ ኦክላሆማ ሜዳ፣ ኖርማን ከተማ፣ መጥቶ 25 ለ 15 አሸነፋቸው። የቴነሲ ዋና አሰልጣኝ ማን መሰላችሁ? ጆሽ ሃይፐል። ያ የተሰናበተው። በዚያው ጨዋታ ላይ ኦክላሆማ ወጣቱን ኳርተርባክ ጃክሰን አርኖልድን አስወጥቶ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ያለ ልጅ አስገባ። ከዚያ ቴክሳስ እዚህ ዳላስ 34 ለ 3 ቀጣቸው። በሳምንቱ ሳውዝ ካሮላይና በገዛ ሜዳቸው 35 ለ 9። የኦክላሆማ ኳርተርባኮች በዚያ ጨዋታ 9 ጊዜ ኳሱን ሳይለቁ መሬት ላይ ተጣሉ። በማግስቱ ሊትሬል ተባረረ። በዚያ ዓመት 7 ጨዋታ ብቻ ነው የመራው።

ሊትሬል ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። ግን አዲስ የፊት መስመር፣ ልምድ የሌለው ኳርተርባክ፣ ሪሲቨር የሌለበት ሜዳ፣ ከባድ ሊግ፤ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ጭኖ በ7 ጨዋታ መፍረድ ምንም አያስተምርም። እነዚያ 9 መውደቆች በአጨዋወት ምርጫ ብቻ የሚድኑ አይደሉም። ኖቬምበር ላይ፣ ሊትሬል ከሄደ በኋላ፣ ኦክላሆማ አላባማን 24 ለ 3 አሸነፈ። በውርወራ ያገኙት 68 ያርድ ብቻ ነበር። አርኖልድ ራሱ 131 ያርድ ሮጠ። ያላቸውን አውቀው ተጫወቱ፤ መዳኛው ይኸው ነበር።

እኔ የመራጭ ኮሚቴ ውስጥ ብሆን ለእጩው የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስላሸነፈው ጨዋታ አይሆንም። ያሸነፈበትንማ ቪዲዮ ራሱ ይዞ ይመጣል። የተሸነፈበትን ጨዋታ አብረን እናያለን። ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ 2 ያርድ ሲቀረው ምን መረጠ? ኳርተርባኩ ተጎድቶ ተጠባባቂው ሲገባ እቅዱ ተቀየረ ወይስ ያው ቀጠለ? ከፊት መስመር አሰልጣኙ ጋር እንዴት ይሠራል? ይሄ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኮርዲኔተር ይቀየራል፣ የፊት መስመር አሰልጣኙ ይቀራል፣ ሁለቱ ሳይግባቡ ዓመቱ ያልቃል። ከዚያ ፊቴን ወደ ዋናው አሰልጣኝ አዞራለሁ። «አራተኛው ሙከራ ላይ ይሞከር ወይስ ይመታ የሚለውን ማን ይወስናል? ልጁ ቶሎ ቶሎ መጫወት ቢፈልግና ተከላካዮችህ ማረፊያ ቢያጡ ትቀበላለህ?» እዚያ ላይ ካመነታ ፍለጋው ቆም ይበል።

የአሁኑ ዘመን አንድ ትልቅ ነገር ጨምሯል፤ ትራንስፈር ፖርታሉን። ከ2021 ወዲህ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ ወዲያው መጫወት ይችላል። ስለዚህ ኮርዲኔተር ስትቀጥር ተከትሎት የሚመጣውን ልጅም እየቀጠርክ ነው። ኦክላሆማ በ2024 መጨረሻ ከዋሽንግተን ስቴት ቤን አርበክልን አመጣ። እሱም 29 ዓመቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኳርተርባኩ ጆን ማቲር ተከተለው። ማቲር በዚያ ዓመት 29 ታችዳውን ወርውሮ 15 ሮጦ ያስቆጠረ ልጅ ነው። ሊች በ1999 ሃይፐልን ይዞ እንደመጣ ማለት ነው፤ አሁን ፈጠነ እንጂ። የኔ ስጋት ይህ መንገድ የፊት መስመሩን እንዳያስረሳ ነው። ኳርተርባክ ተከትሎ ይመጣል። አምስት እርስ በርስ የሚግባቡ ግዙፍ ልጆች ግን በአንድ ስልክ አይመጡም።

በ2025 ሴፕቴምበር ማቲር እጁን ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ሲመለስ እዚሁ ዳላስ በቴክሳስ 23 ለ 6 ተሸነፉ። ኦክላሆማ ግን 10 ጨዋታ አሸንፎ አሁን ለዋንጫ ከሚፋለሙት 12 ቡድኖች አንዱ ሆነ። አብዛኛውን የተሸከመው የቬነብልስ ተከላካይ ክፍል ነው። በመጨረሻም በገዛ ሜዳቸው አላባማን 17 ለ 0 ከመሩ በኋላ 34 ለ 24 ተሸነፉ።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ አርበክል ይባረር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሙሉ ጤነኛ ኳርተርባክ ይዞ ገና ጥቂት ጨዋታ ነው የመራው። ቬነብልስን ግን አሁንም እጠይቀዋለሁ፦ የፊት መስመሩን ለመገንባት ስንት ዓመት ትሰጠዋለህ?

የእናንተን ሐሳብ ደግሞ ልስማ። የቴክሳስ ደጋፊዎች መጀመሪያ ጠይቁ፤ እጃችሁን ካነሳችሁ ቆይታችኋል።